የነቀፋና የውግዘት ቃላት በትርጉም ሥራ

እንግሊዝኛ ሰው ሌላውን በቃል የሚነቅፍባቸው፣ የሚወቅስባቸውና የሚያዋርድባቸው ቃላት በብዛት አሉት። «ክሪቲሳይዝ»፣ «ሴንሸር»፣ «ሪቡክ»፣ «ዲናውንስ»፣ «ኮንዴም»፣ «ኢንሰልት»፣ «ስላንደር»፣ «አታክ» ጥቂቶቹ ናቸው። ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ግሦች ብቻ ይካፈሏቸዋል፤ እነርሱም «ነቀፈ»፣ «ተቸ» እና «አወገዘ» ናቸው። ለዚህ ምክንያቱ የአማርኛ ቃል ማነስ አይደለም። ተርጓሚዎች ቃላቱን ከቀላል ወደ ከባድ እንደሚወጣ መሰላል ስለሚያዩአቸው፣ ነቀፋው ሲጠነክር «አወገዘ» በማለት ይገላገላሉ። በእኛ አስተያየት ይህ አሠራር ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው።

አማርኛ እነዚህን ቃላት የሚለየው በክብደታቸው ብቻ ሳይሆን በሚፈጽሙት ተግባር ነው። «ሐሜት» ባለቤቱ በሌለበት ይነገራል። «ወቀሳ» ግን ፊት ለፊት ነው፤ ወቃሹም ቅር የተሰኘ ሰው ሲሆን ከተወቃሹ መልስ ወይም ይቅርታ ይጠብቃል። «ተግሣጽ» ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአለቃ ወደ ምንዝር ይወርዳል እንጂ ሽቅብ አይወጣም። «ስድብ»ና «ዘለፋ» ክብርን ይነካሉ እንጂ ጥፋትን አያስረዱም። «ውግዘት» ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰውን ከማኅበረ ምእመናን የሚለይ ቃል ነው። እንግዲህ ውግዘት የከረረ ነቀፋ ሳይሆን ፍርድ ነው ማለት ነው። ነቃፊ ተከራካሪ ሲሆን፣ አውጋዥ ግን በር ዘጊ ነው።

ይህ ልዩነት የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ጭንቀት ብቻ እንዳልሆነ የአዲስ አበባው መስቀል አደባባይ ይመሰክራል። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው በዚህ ስፍራ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን እየሰበሩ የአብዮቱ ጠላቶች በተባሉት ላይ ዘመቻ አውጀዋል። «ፀረ አብዮተኛ»፣ «አናርኪስት»፣ «አድኃሪ» የተባሉት ስሞች በዚያ ዘመን የማንንም ሐሳብ አልመረመሩም፤ ሰውን መድበው ለቅጣት አቀረቡት እንጂ። በ2002 ዓ.ም. በአደባባዩ ዳር የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የዚያን ዘመን ውጤት ያሳያል። እነዚያን ስሞች በእንግሊዝኛ «ክሪቲሲዝም» ብሎ የሚተረጉም የገዳዩን ቃል ያለሰልሳል። በአንጻሩ አንድ ሰው መመሪያን «ክሪቲሳይዝ» ማድረጉን «መመሪያውን አወገዘ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ፣ ተከራካሪውን ጠላት አድርጎ ያቀርበዋል።

«ዲናውንስ» የተባለው ቃል ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ በአደባባይ ማውገዝንም፣ ሰውን ለባለሥልጣን መጠቆምንም ያመለክታልና። አማርኛ ለሁለተኛው ትርጉም «ጠቆመ»ን ይዞ ሳለ፣ አብዮቱ «አጋለጠ»ን ጨመረበት። «ራስን ማጋለጥ»ም ተሰብሳቢው በገዛ አፉ ራሱን የሚከስበት ሥርዓት ስም ሆነ። የዚያን ዘመን ታሪክ የሚተረጉም ሰው ሰልፈኛው «አወገዘ» ሲባልና ጎረቤት «ጠቆመ» ሲባል በአንድ ቃል ሊያልፋቸው አይገባም። የመጀመሪያው በጩኸት ያበቃ ይሆናል፤ ሁለተኛው እስር ቤት ያደርሳል።

የ«ሂስ» ታሪክም ትምህርት ይሰጣል። ቃሉ የተገኘው ነቀፈ የሚል ፍቺ ካለው ከግእዙ «ሔሰ» ነው። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ሥራን መርምሮ ጠንካራውን ከደካማው መለየት ለሚለው ጽንሰ ሐሳብ አዋሉት። የፖለቲካ ስብሰባ ግን «ሂስና ግለ ሂስ» እያለ ወደ ነቀፋ መለሰው፤ «ሂሱን ዋጠ» የሚለውም አነጋገር ሂስን እንደ መራራ መድኃኒት የሚያይ ነው። በኢሕአዴግ ዘመን «ግምገማ»ን ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። ሰዋስዉም ለውጡን ይናገራል፦ «በልብ ወለዱ ላይ ሂስ ጻፈ» ሲባል የሚመረመረው ድርሰቱ ሲሆን፣ «ሂስ ጻፈበት» ሲባል ግን ያ «በት» ጉዳቱን በደራሲው ላይ ያሳርፈዋል።

ዛሬ በብዛት የምናየው ስሕተት «አታክ»ን በቀጥታ «ጥቃት ሰነዘረ» ማለት ነው። የምክር ቤት አባል በጀቱን «አታክ» ካደረገ፣ በአማርኛ «በጀቱን አጥብቆ ነቀፈ» ይባላል። «ጥቃት» ስንል አካል ወይም ንብረት ተነክቷል ብሎ የሚያስብ አንባቢ አይፈረድበትም። «ሴንሸር»ም «ሳንሱር» ከሚለው የተለመደ ቃላችን ጋር ሊምታታ አይገባም። የሁለቱ ሥር በላቲን አንድ ቢሆንም፣ «ሳንሱር» ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት የሚደረግ ምርመራ ነው፤ «ሴንሸር» ግን አንድ አካል በይፋ የሚሰጠው ወቀሳ ነው።

ልዩነቱን ለመጠበቅ የሚያስችል ሀብት በእጃችን አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስም ማጥፋትን ከስድብ ለይቶ ደንግጓል፤ የመጀመሪያው ክብር የሚነካ ነገርን «እንዲህ አደረገ» ብሎ ሲያወራ፣ ሁለተኛው ያለ ምንም ነገር ያዋርዳል። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላትም ፍቺን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ማሳየት የሚጠቅም መንገድ መሆኑን አስተምሮናል።

ስለዚህ የሚከተለውን አከፋፈል እናቀርባለን። ለ«ክሪቲሳይዝ» ሥራው ሲመረመር «ሂስ አቀረበ»፣ ጉድለት ብቻ ሲነገር «ነቀፈ»፤ ለ«ሴንሸር» «በይፋ ወቀሰ»፤ ለ«ሪቡክ» «ገሠጸ»፤ ለ«ኢንሰልት» «ሰደበ»፤ ለ«ስላንደር» «ስም አጠፋ»፤ ለ«ዲናውንስ» እንደ አገባቡ «በአደባባይ አወገዘ» ወይም «ጠቆመ»፤ ለ«ኮንዴም» «አወገዘ»፣ ለፍርድ ቤት ሲሆን «ፈረደበት»፤ ለ«አታክ» ደግሞ እንደ ይዘቱ «አጥብቆ ነቀፈ» ወይም «ዘለፈ»። ተርጓሚው ከመምረጡ በፊት ተናጋሪው መልስ ይጠብቅ እንደ ነበር፣ ወይስ ቅጣት ይጠራ እንደ ነበር ይጠይቅ። ነቀፋና ውግዘት በአንድ ቃል ሲጠሩ፣ የሚጎዳው ሁልጊዜ ነቃፊው ነው።