የጦስኝ መዓዛማ ዘይት፦ የላቦራቶሪው ውጤትና የስኒው መጠን

ከዳባት እስከ ስሜን ተራሮች ባለው የሰሜን ጎንደር ደጋ ጦስኝ ለሽሮና ለበርበሬ ማጣፈጫ፣ ለሻይ፣ ለሳልና ለደም ግፊትም ይፈለጋል። በመዓዛማ ዘይቱ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ታይሞልና ካርቫክሮልን መለየታቸው፣ ዘይቱ ባክቴሪያንና ፈንገስን እንደሚገታም ማሳየታቸው ይመሰገናል። ድክመቱ የሚጀምረው ከዚህ ተነሥቶ የሕዝቡ ልማድ ሁሉ «ተረጋገጠ» ሲባል ነው።

በላቦራቶሪው ሳህን ላይ የሚጨመረው የተነጠረ ዘይት ነው፤ ሕመምተኛው የሚጠጣው ግን ሻይ ነው። የአውሮፓ ፋርማኮፒያ ለአውሮፓው የጦስኝ ዘመድ በኪሎ ግራም ቢያንስ 12 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጠይቃል። በዚህ ስሌት 2 ግራም ቅጠል ዘይቱን በሙሉ ቢለቅ እንኳ ለስኒው የሚደርሰው ግማሽ ጠብታ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ታይመስ ሺምፐሪም ታይመስ ሴሩላተስም በአማርኛ ያው ጦስኝ ናቸው፤ የአንዱ ዘይት ታይሞል፣ የሌላው ካርቫክሮል ሊበዛበት ይችላል። ዝርያውንና የተለቀመበትን ቦታ የማይጠቅስ ጽሑፍ ስለ የትኛው ዘይት እንደሚናገር አይታወቅም።

የደም ግፊቱ ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። ባክቴሪያን መግታት ስለ ግፊት የሚመሰክረው ነገር የለም፤ በአይጥ የታየ ውጤትም የሰውን ክኒን አይተካም። ግፊት ድምፁን አጥፍቶ የሚጎዳ ሕመም ነውና ክኒኑን ለሻይ የተወ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚመለሰው ስትሮክ ከመታው በኋላ ሊሆን ይችላል። በተመላላሽ ክፍል «ጦስኝ ይጠጣሉ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ክኒኑንስ?» መባል አለበት።