የሰይጣን ድርሻ

ሰው አባቱን ቀብሮ ሲመለስ ምን ኃጢአት ሠራ? ምንም። እንዲያውም ጽድቅ ነው የሠራው። በኦሪት ሕግ ግን ሬሳ ነክቷልና ሰባት ቀን ርኩስ ነው (ዘኁልቁ 19)። የወለደች እናትም እንዲሁ ቀን ተቆጥሮላታል (ዘሌዋውያን 12)። እንግዲህ በኦሪት መርከስ ሁልጊዜ መበደል ማለት አይደለም። የረከሰ ይታጠባል፣ ቀኑን ይቆጥራል፣ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። አለቀ። የበደለ ግን ሌላ ጣጣ አለበት።

ይህን ልዩነት ይዘን ወደ ካባላ ሊቃውንት እንሂድ። ዋናው መጽሐፋቸው ዞሃር በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ በስፔን ምድር የወጣ ነው። መጽሐፉ ራሱን ለጥንቱ መምህር ለስምዖን ባር ዮሐይ ቢሰጥም፣ ጌርሾም ሾሌምን የመሰሉ ተመራማሪዎች አብዛኛውን የሙሴ ዴ ሊዮን ድርሰት ያደርጉታል። ዞሃር ለክፋት ስም አውጥቶለታል፤ “ሲትራ አሕራ”፣ ማለትም “ሌላኛው ወገን”። ርኩሰትም የዚሁ ወገን ግዛት ሆነ። አያችሁ? ከቀብር ተመላሹና ነፍሰ ገዳዩ ባንድ ጥላ ሥር ገቡ።

በማስተስረያ ቀን ሁለት ፍየሎች ይቀርባሉ፤ አንዱ ለእግዚአብሔር ይታረዳል፣ ሌላው ለአዛዜል ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል (ዘሌዋውያን 16)። “ፒርቄ ዴ ራቢ ኤሊዔዘር” የተባለው ከዞሃር የቀደመ መጽሐፍ፣ የተሰደደውን ፍየል ለከሳሹ ለሳማኤል የተሰጠ ጉቦ ይለዋል። ዞሃርም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ ሌላኛው ወገን ድርሻውን ሲያገኝ ክሱን ይተዋል። ራምባን (1194–1270 እ.ኤ.አ.) ነገሩ አስግቶት ይመስላል፣ ፍየሉ ጌታው ለአገልጋዩ እንዲሰጥ ያዘዘው ድርሻ እንጂ ለሰይጣን የቀረበ መሥዋዕት አይደለም ብሏል።

ቢሆንም ጉቦ ጉቦ ነው። እኛስ ስንያዝ “ሰይጣን አሳስቶኝ ነው” እንል የለ? ካሳሳተን እሱ ከሆነ፣ እሱኑ ዝም ማሰኘት ይበቃል ማለት ነው። የተበደለው ሰውዬ የት ገባ? ኦሪት አሮን ሁለት እጁን በፍየሉ ራስ ላይ ጭኖ የሕዝቡን በደል እንዲናዘዝ ታዛለች። ሚሽናም በሰውና በሰው መካከል ያለ በደል፣ ተበዳዩ ይቅርታ እስካልተጠየቀ ድረስ፣ በማስተስረያ ቀን አይሰረይም ይላል። እዚህ ላይ ከሳማኤል ይልቅ ጎረቤት ይቀድማል።

በፍትሕ ለመናገር፣ ካባላ እዚህ ብቻ አልቆመም። በጽፋት ከተማ በ1572 እ.ኤ.አ. ገና በ38 ዓመቱ ያረፈው ይስሐቅ ሉሪያ አስደናቂ ሐሳብ ትቶ ሄዷል። በፍጥረት መጀመሪያ መለኮታዊው ብርሃን የፈሰሰባቸው ዕቃዎች ተሰበሩ፤ ብልጭታዎቹም በቅርፊት ውስጥ ተቀበሩ። ክፋት ያ ቅርፊት ነው። የራሱ ሕይወት የለውም፤ የሚኖረው ካሰረው ብርሃን እየጠባ ነው። ሰው በጸሎትና በትእዛዝ ብልጭታውን ነፃ ሲያወጣ ቅርፊቱ ባዶ ይቀራል። ይህ “ቲኩን”፣ ጥገና ይባላል። ትልቅ ሐሳብ ነው፤ ተራው ሰው በተራ ሥራው ዓለምን ጠጋኝ ሆነ።

ግን በዚያው በር አደጋው ገባ። መሲሕ ነው የተባለው ሻባታይ ዝቪ በ1666 እ.ኤ.አ. በኦቶማኑ ሱልጣን ፊት እስልምናን ሲቀበል፣ ነቢዩ የጋዛው ናታን አልደነገጠም፤ መሲሑ ብልጭታ ሊያወጣ ወደ ቅርፊቱ ወረደ አለ። በ18ኛው መቶ ዘመን ያዕቆብ ፍራንክ ሕግ መጣስን ራሱን የመዳን መንገድ አደረገው። ምሥጢር የሚያውቅ ሰው ኃጢአቱንም ምሥጢር ይለዋል።

የእኛዎቹ ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ ካባላ አልደረሳቸውም ነበር። ሴቲቱ በመርገም ጎጆ ቀኗን ቆጥራ፣ በወንዝ ታጥባ ትመለስ ነበር። ሥርዓቱ ከባድ ነው፤ ለሴቷ ሸክም አልነበረም አልልም። ነገር ግን ውኃው ያጠበው ርኩሰትን እንጂ በደልን አልነበረም።

ይህ መለያየት ነው የሚያስፈልገን። የረከሰ ይታጠብ፤ የበደለ ግን ወደ በደለው ሰው ቤት ይሂድ። ለዚያ መንገድ አቋራጭ የለውም፤ ፍየልም አይላክበትም።