ሰባ ስምንቱ የት ገቡ? የክፉዎች የልጅነት ታሪክ በወጣቶች ልብ ወለድ

ፍራንክ ባውም እ.ኤ.አ. በ1900 ባሳተመው የኦዝ ተረት ውስጥ የምዕራቧ ጠንቋይ ያላት አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ ያም ዓይን እንደ ቴሌስኮፕ ሩቅ ያያል። ለምን ክፉ እንደሆነች ግን ባውም አይነግረንም። ክፉ ናት፤ አለቀ። ዶሮቲ ውሃ ስትደፋባት ትቀልጣለች፤ አንባቢም አያዝንላትም። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው አረንጓዴ ቆዳዋ እንኳ የመጣው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከ1939ኙ ፊልም ነው።

ግሪጎሪ ማጓየር በ1995 «ዊክድ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲጽፍ ይህችን ስም የለሽ ሴት ኤልፋባ አላት፤ ስሙን የቀመረው ከባውም ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። አባትና እናት፣ እህት፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ ሰጣት። መጽሐፉ የተጻፈው ለአዋቂዎች ቢሆንም በ2003 በብሮድዌይ የሙዚቃ ድራማ፣ በ2024 ደግሞ ፊልም ሲሆን ስፍር ቁጥር የሌለው ወጣት ወዳጅ አፈራ። ከዚያ ወዲህ ተራው የሌሎቹ ክፉዎች ሆነ። ሰሪና ቫለንቲኖ በ2009 «ፌረስት ኦቭ ኦል» በተባለው መጽሐፏ የስኖው ኋይትን እንጀራ እናት ታሪክ ከንግሥቲቱ በኩል ተረከች፤ በአስማተኛው መስተዋት ውስጥ የሚናገረው ፊትም በሕይወት ሳለ ሲያሠቃያት የኖረው የገዛ አባቷ ሆኖ ተገኘ። በ2014 «ሜሊፊሰንት» የተሰኘው ፊልም የተኛችዋን ልዕልት የረገመችውን ጠንቋይ ክንፏን የተሰረቀች ተበዳይ አደረጋት። በ2016 ደግሞ ማሪሳ ማየር «ሀርትለስ» በተባለው ልብ ወለዷ የ«አሊስ»ን ቁጡ ንግሥት ዳቦ ቤት ልትከፍት የምትመኝ ልጃገረድ አድርጋ ጀመረቻት።

ቀመሩ ግልጽ ነው። የታወቀ ተረት ይመረጣል፤ በዚያ ተረት የተጠላው ሰው ይመረጣል፤ ትረካው ወደ ልጅነቱ ይመለሳል፤ እዚያም ቁስል ይገኛል። መጽሐፉ ሲያልቅ አንባቢው «ለካ እንዲህ ነው!» ይላል።

እነዚህን መጻሕፍት የሚያነበው ልጅ ከቤቱ ሌላ ትረካም ሊሰማ ይችላል። የሚኒያፖሊስ ጎረቤት በሆነችው በብሩክሊን ሴንተር የሚኖር የሐበሻ ልጅ ልብ ወለዱን ከብሩክዴል ቤተ መጻሕፍት በነጻ ይዋሳል። ያው ልጅ የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ቀን፣ ከእናቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ከሄደ የበላኤ ሰብእን ታሪክ ይሰማል። በልጁ ጆሮ ሁለቱ ትረካዎች ተራርቀው አይቀመጡም። ሁለቱም ስለ ክፉ ሰው አጀማመር ይናገራሉ፤ ሁለቱም በመጨረሻ ይቅርታ የሚባል ነገር ያመጣሉ። ወደ ይቅርታው የሚደርሱበት መንገድ ግን የተለያየ ነው።

ሁለቱን ከማነጻጸር በፊት ግን ስለ ልብ ወለዶቹ አንድ ነገር መለየት ይገባል፤ በአንድ ስም የሚጠሩት እነዚህ ድርሰቶች በእውነቱ ሁለት ዓይነት ናቸውና። አንደኛው ዓይነት «ክፉ ያላት ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው «ክፉ ያደረጋት ምንድን ነው?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ስም አሰጣጥ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሥራ ነው።

«ዊክድ» በተለይ በመድረኩ መልክ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ኤልፋባ የምትጠላው ሲጀመር በቆዳዋ ቀለም፣ ኋላም የመናገር መብታቸውን ለሚነጠቁት እንስሳት በመቆሟ ነው። «ክፉዋ ጠንቋይ» የሚለው ስም ከቤተ መንግሥት የወጣ ወሬ ነው። ይህን ለመረዳት የሐበሻ አንባቢ ብሮድዌይ መሄድ አያስፈልገውም። በአገራችን ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ «ቡዳ» ተብለዋል፤ ቤተ እስራኤላውያን ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ተወርቶባቸዋል። በቀን ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው በማታ የሚፈራ ገበሬ ነበር። በዚህ ስም የተነሣ ሰው ከማኅበር ተገልሏል፤ ተደብድቧል፤ ተገድሏልም። ስለ «ጅቧ ሴት» ከሸክላ ሠሪዋ በኩል ሆኖ የሚተርክ ሰው እውነቱን ወደ ቦታው መለሰ እንጂ ክፋትን አላቆነጀም፤ የተበላ ሰው ፈጽሞ አልነበረምና።

እዚህ ላይ የእንጀራ እናትን ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። የግሪም ወንድሞች በ1812 ባሳተሙት የመጀመሪያ እትም ስኖው ኋይትን ልታስገድል የምትልከው ሴት የወለደቻት እናቷ ነበረች። በ1819ኙ እትም ወላጅ እናቲቱ ትሞትና በቦታዋ እንጀራ እናት ትገባለች። እንግዲህ በዓለም ላይ የታወቀችው ክፉ እንጀራ እናት የተወለደችው በአዘጋጆች ብዕር ነው ማለት ይቻላል። እናትነት እንዳይነካ ጥፋቱ ወደ ባዕዷ ተገፋ። በአማርኛም «የእንጀራ እናት» ስንል ስሙ ራሱ ክስ ያዘለ ይመስላል። ይህን ክስ የሚመረምር የወጣቶች ልብ ወለድ ደግ ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው ዓይነት ግን ሌላ ጣጣ አለው። «ሀርትለስ»ን እንውሰድ። ካትሪን የንጉሡን የጋብቻ ጥያቄ ትሸሻለች፤ የቤተ መንግሥቱን ቀልደኛ ትወዳለች፤ ቀልደኛው ይገደላል፤ እርሷም ልቧን ሰጥታ በቀልን ትገዛለች። መጽሐፉ በደንብ የተጻፈ ነው፤ አንባቢው ሐዘኗን ይካፈላል። ነገር ግን በሉዊስ ካሮል የ1865 መጽሐፍ ንግሥቲቱ ቀኑን ሙሉ «አንገቱን ቁረጡ» ስትል ትውላለች እንጂ ማንም አይሞትም፤ ግሪፈን የተባለው ፍጡር ይህን ለአሊስ በግልጽ ይነግራታል። የካሮል ንግሥት ቁጣዋ ባዶ የሆነ የሥልጣን መሳለቂያ ነበረች። ማየር ለቁጣዋ ምክንያት ስትሰጣት ቁጣው የምር ሆነ፤ የሞት ፍርዱም የምር ሆነ። የመጀመሪያው ፍርድ ፍቅረኛዋን በገደለው ሰው ላይ ስለሆነ አንባቢው ይቀበለዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት፣ ጽጌረዳ በስሕተት የተከሉት ምስኪን አትክልተኞች ግን በዚህ መጽሐፍ የሉም። ትረካው እነርሱ ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ትልቁ ሽሽት ይኸው ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ ይወስድና ክፉው ክፉ በሆነባት ቅጽበት ያቆመዋል። ቁስሉን እናያለን፤ ያቆሰላቸውን አናይም። ከዚያም አንባቢው በሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ ገብቶ የመጀመሪያውን ዓይነት መልስ ይዞ ይወጣል፤ «ተበድላ ነው» የሚለው «አልበደለችም» ወደሚለው ይንሸራተታል።

«ሜሊፊሰንት» ሌላ መውጫ አለው። ጠንቋይቱን ነጻ ለማውጣት ክፋቱን ወደ ንጉሥ ስቴፋን ያዛውረዋል። ወንበሩ ባዶ አይቀርም፤ የሚቀመጥበት ሰው ይለወጣል እንጂ። ስቴፋን ክንፏን የቆረጠው ለዘውድ ጓጉቶ እንደሆነ ይነገረናል፤ የእርሱን ቁስል የሚፈልግለት ግን የለም። በቀመሩ ሕግ ከሄድን የስቴፋንም ልጅነት ሌላ ፊልም ይጠይቃል፤ የዚያም ፊልም ክፉ ሌላ ፊልም። ምክንያት መፈለግ በራሱ ማቆሚያ የለውም።

አሁን ወደ የካቲት 16 እንመለስ። በሰፊው የሚነገረው የበላኤ ሰብእ ትረካ የተሟላ የአጀማመር ታሪክ አለው። ሰውዬው ሲጀመር እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ፣ ደግ ሰው ነበር። ሰይጣን በደግነቱ ቀንቶ በሥላሴ አምሳል፣ እንደ ሦስት እንግዶች ሆኖ ወደ ቤቱ መጣ። እንደ አብርሃም ልጅህን ሠዋልን አለው፤ ሠዋ። ቅመስ አለው፤ ቀመሰ። ከዚያ ወዲያ የሰው ሥጋ እንጂ ሌላ አላምርህ አለው። ማየርም ሆነች ቫለንቲኖ ከዚህ የከፋ ቁስል አልጻፉም፤ የሰውዬው ውድቀት የመጣው በገዛ ደግነቱ በኩል ነውና።

ነገር ግን ነፍሱ ለፍርድ ስትቀርብ ይህ ታሪክ ለመከላከያ አይቀርብም። «ተታልሎ ነው» የሚል ጠበቃ አይነሣም። በሚዛኑ በአንድ ወገን የሚቀመጡት የበላቸው ሰባ ስምንት ሰዎች ናቸው፤ ቤተሰቦቹም ከእነርሱ ውስጥ ናቸው። በሌላው ወገን የምትቀመጠው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም የሰጣት ጥርኝ ውሃ ናት። የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍባት ውሃዋ ትመዝናለች። ምእመኑ ይህን ምሕረት ይለዋል፤ ማንም ግን ሰውዬው ንጹሕ ነበር አይልም።

ልዩነቱ ይህ ነው። በ«ተአምረ ማርያም» ዓለም የክፉው አጀማመር ይነገራል፤ ሰባ ስምንቱ ግን ከሚዛኑ አይወርዱም። እንዲያውም ምሕረቱ ትልቅ የሚሆነው እነርሱ እዚያው ስላሉ ነው። ሰባ ስምንቱን ከሚዛኑ ብናወርዳቸው ጥርኟ ውሃ ምንም ተአምር አትሆንም። እርግጥ ትረካው የሰዎቹን ስም አይነግረንም፤ ይህ የራሱ ጉድለት ነው፤ አንድ ዘመናዊ ደራሲ ከእነርሱ በአንዷ በኩል ሊጽፈው ይችላል። ቁጥራቸውን ግን ጠብቆልናል።

የአማርኛ ልብ ወለድም በዚህ ፈተና አልፏል። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን ሲያሳትሙ የንጉሡን ታሪክ የት መጀመር እንደፈለጉ ርዕሶቻቸው ይናገራሉ፤ አንዱ ከእንባው፣ አንዱ ከእናቱ። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው ስድብ የመጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ ነው፤ መሳፍንት ያወጡት ስም ነውና ደራሲ ቢገለብጠው ያስመሰግነዋል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ወደ እስላምጌ ገደል የተጣሉት እስረኞች ግን የሁለተኛው ናቸው። ካሳን ያሳደገው ድህነትና ንቀት እነርሱን ከገደሉ አያወጣቸውም። ቴዎድሮስን ወዶ እስረኞቹን ያልረሳ አንባቢ ሁለቱንም ጥያቄዎች ለየብቻ ይዟል ማለት ነው።

ይህ በብሩክሊን ሴንተር የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 2021 የሃያ ዓመቱ ዳንቴ ራይት በዚህች ከተማ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ፖሊሷ የኤሌክትሪክ ማደንዘዣውን ያነሣች መስሏት ሽጉጧን መተኮሷን ተናገረች፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጥፋተኛ ተባለች፤ በየካቲት 2022 የሁለት ዓመት ቅጣት ተወሰነባት። ሰው ተረት አይደለም፤ ማንንም የተረት ክፉ አድርጎ መሳል አይገባም። ነገር ግን የተኳሿ ስሕተትና የቀደመ አገልግሎቷ ምን ያህል ይመዝን የሚለው ጥያቄ በአደባባይ ሲነሣ፣ የሟቹ ቤተሰብ ቅጣቱ አነሰ ብሎ ሲያዝን፣ የዚያች ከተማ ልጆች ይሰሙ ነበር። የማን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ይነገራል? የማንስ ከሞቱ ቀን ብቻ? ይህን የሰማ ልጅ ልብ ወለድ ሲያነብም ጥያቄውን ይዞት ይመጣል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ክፉዎችን ያለ ታሪክ መተው አይደለም። ሌላ መንገድ መኖሩን እዚያው ሚኒያፖሊስ የተቀመጠ አንድ መጽሐፍ ያሳያል። አን ኡርሱ በ2011 ለታዳጊዎች በጻፈችው «ብሬድክራምስ» የአንደርሰንን የበረዶ ንግሥት ተረት ወደ ሚኒሶታ ክረምት አመጣችው። በዚያው ተረት መነሻነት በ2013 የተሠራው «ፍሮዝን» ንግሥቲቱን ተወዳጇ ኤልሳ ሲያደርጋት፣ ኡርሱ የመረመረችው ልጁን ነው። ጃክ ጠንቋይቱን ተከትሎ ለምን ሄደ? እናቱ በመንፈስ ጭንቀት ደንዝዛለች፤ ቤቱ ቀድሞ ቀዝቅዟል። ከሕንድ በጉዲፈቻ የመጣችው ጓደኛው ሄዘል ወደ ጫካው ገብታ ትፈልገዋለች። ኡርሱ በገዳዩ ቁስል ፈንታ የተወሰደውን ልጅ ቁስል መረጠች፤ መጽሐፉም በዚህ አልደኸየም።

ከቀመሩ መጻሕፍት አንዱን ለልጁ የሚያነብ ወላጅ ወይም መምህር መጽሐፉን መከልከል አይጠበቅበትም። ንግሥቲቱ ለምን እንዲህ ሆነች የሚለውን ልጁ በሚገባ ይመልሳል፤ ደራሲዋ ሦስት መቶና አራት መቶ ገጽ የደከመችው ለዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ አትክልተኞቹ መጠየቅ ይቻላል። መጽሐፉ መልስ ከሌለው ልጁ ራሱ ይጽፈው ይሆናል።