ቡልቡላ ላይ አንቆምም

የሦስት ቀኑ ጉዞ ፕሮግራም በቴሌግራም የደረሰን ሐሙስ ማታ ነበር። አራት ገጽ ፒዲኤፍ፤ ሽፋኑ ላይ ጀምበር ስትጠልቅ የተነሳ የወይን ብርጭቆ፣ ከብርጭቆው ጀርባ ደብዘዝ ያለ ሐይቅ። ርዕሱ «ወይንና ቅርስ በስምጥ ሸለቆ» ይላል። እኔ መጥፎ አመል አለብኝ፤ የተጻፈ ነገር እጄ ከገባ፣ የመድኃኒት ወረቀትም ይሁን የሠርግ መጥሪያ፣ እንደ ልብ ወለድ ነው የማነበው። ማን ነው የሚተርከው? ማንን ዘለለ? የት ጋ ቸኮለ? ስለዚህ ይሄን የጉዞ ማስታወሻ ብላችሁ አትጀምሩት። የዚያ አራት ገጽ ሂስ ነው። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ መኪናቸው ንጹሕ ነው፣ ምሳውም አልዘገየም። ችግሩ ከእነሱ በፊት የነበረ የአጻጻፍ ችግር ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። ገጽ አንድ ላይ «ናዝሬት» የተባለችው ከተማ ገጽ ሦስት ላይ «አዳማ» ትሆናለች፤ «ዝዋይ» እና «ባቱ» ደግሞ አንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አገሩን የማያውቅ አንባቢ አራት ከተማ የሚያይ መስሎት ይከፍላል። (ሁለቱንም ስም መጻፍ ነውር የለውም፤ አንድ ከተማ መሆናቸውን መናገር ግን ወግ ነው።) ቆቃ «ውብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ» ተብሎ በአንድ መስመር ታልፏል። ግድቡ ኢጣሊያ ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረ ነው። በአያቶቻችን ደም ካሳ የቆመ ሐይቅ «ቅርስ» በሚል ጉዞ ውስጥ ቅርስ ካልተባለ፣ ቃሉ ለምን ተጻፈ? እንጃ።

ዋናው ነገር ግን የወይኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን «ሳይድዌይስ» ፊልም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ሁለት ጓደኛሞች፣ አንደኛው ሊያገባ ሳምንት ሲቀረው፣ የካሊፎርኒያን የወይን አገር በመኪና ይዞራሉ። የፊልሙ ባለታሪክ ማይልስ የተባለው መምህር ሜርሎ የሚባለውን የወይን ዓይነት እንደ ጠላቱ ይጠላል። ፊልሙ የሚሠራው ወይኑ ሰበብ ስለሆነ ነው፤ ማይልስ ስለ ወይን ባወራ ቁጥር ስለ ራሱ ነው የሚያወራው። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ የተጻፈው የ«ወይን መንገድ» ማስታወቂያ ሁሉ ብርጭቆውን ወሰደ፣ ኮረብታውን ወሰደ፣ የማታዋን ጀምበር ወሰደ፤ ሰውየውን ጥሎት ሄደ። የእኛም ፒዲኤፍ የዚያ ቅጂ ነው። አራት ገጽ ሙሉ አንድም የሚናገር ሰው የለበትም። «ጎብኚው ይደሰታል» ይላል። ማን ነው ጎብኚው? የእሱስ አገር አይደለም እንዴ?

የቅጂነቱ ማስረጃ ደግሞ አንድ ሐረግ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ማታ ባቱ ስለምንጠጣው ጠጅ ሲያወራ «የማር ወይን» ይለዋል። በአማርኛ! እንግሊዝኛው ለማያውቅ ሰው እንዲገባው ያበጀውን ስም ገልብጦ ለእኛ መልሶ ሸጠልን። የእኛ ቋንቋ ነገሩን ያየው እኮ በተቃራኒው ነው። ለእኛ መነሻው ጠጅ ነው፤ ከወይን ሲጠመቅ የወይን ጠጅ ይባላል። እንዲያውም ወይን ጠጅ ቀለም ሆኖ ቀሚስ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ መጋረጃ ላይ ይኖራል፤ አንድ ጠብታ ወይን ቀምሳ የማታውቅ ሴት «ወይን ጠጁን ሹራብ አምጪልኝ» ትላለች። ይሄ ሁሉ ታሪክ ያለው ቋንቋ ይዞ «የማር ወይን» ብሎ መጻፍ፣ ቤቱ በር እያለው በመስኮት እንደመግባት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ግሩም ነበር። የካስቴል የወይን እርሻ ዝዋይ ላይ ያለ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ቀድሞ ቢራ ይዞ ነበር የገባው፤ ወይኑን በኋላ ተክሎ፣ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሲያ» የተባሉትን ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ አወጣ። ሜርሎ አለ (ማይልስ ይቅር ይበለን)፣ ሲራ አለ፣ ካበርኔ ሶቪኞ አለ፣ ነጩ ሻርዶኔ አለ። በእርሻው ዙሪያ ጅብና ጉማሬ እንዳይገባ ሰፊ ቦይ መቆፈሩን ስንሰማ መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ወይን በተወለደበት አገር ብርድ ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ ብርዱ ሲያልፍ ይነቃል። ዝዋይ ላይ የሚያስተኛው ብርድ የለም። ስለዚህ ሰው ነው የሚያስተኛው፤ ቅርንጫፉን ቆርጦ፣ ውሃውን መጥኖ «አሁን ዕረፍ» ይለዋል። ማለትም እዚህ የወይኑ ክረምት ውሃና መቀስ የያዘ ሰው ነው። ከዚህ የተሻለ ዐረፍተ ነገር በፒዲኤፉ ውስጥ የለም፤ ይሄ ራሱም ፒዲኤፉ ውስጥ የለም።

ከዚያ ቅምሻው መጣ። ብርጭቆ እያዞርን፣ እያሸተትን፣ ከመካከላችን ግማሹ በልቡ ኮካ እየፈለገ (አትዋሹ፣ ጉደርን በኮካ ያልጀመረ የለም)፣ ስለ አፈሩ ጣዕም ተነገረን። አሸዋማ ነው፣ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፣ ወይኑ ውስጥ ይሰማል ተባለ። እኔም ሰማሁት። ወይም የሰማሁ መሰለኝ። ይችን የአፈር ጣዕም የምትለዋን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከሰዓት በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ። ሐይቁ ላይ ካሉት ደሴቶች ትልቋ ናት፤ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ያለባት፣ ዮዲት ጉዲት በተነሳች ጊዜ ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ 70 ዓመት ተጠልላባታለች የሚል ትውፊት የያዘች፣ የዛይ ሕዝብ የራሱን ቋንቋ እየተናገረ የኖረባት። ፕሮግራሙ ይሄን በደንብ ጽፎታል፣ አልነፍገውም። ግን ጠዋት «ወይን» ከሰዓት «ቅርስ» ብሎ ለሁለት ከፍሎታል፤ በመካከላቸው ምሳ አለ። እዚያው ደሴት ላይ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ረሳው ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ባለበት ደግሞ ወይን አለ፤ ዘቢብ ሆኖ። ደርቆ የከረመው ፍሬ በውሃ ርሶ ይጨመቅና ቅዳሴ ይገባል። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ ብለው እናቶቻችን የሚሳሉት ይሄ ነው። የፈረንሳይ ችግኝ ዝዋይ ዳር ከመተከሉ ከስንት መቶ ዓመት በፊት እዚህ አገር ወይን በውሃ ይርስ ነበር። ሁለቱን ለማገናኘት አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ አንድ! ከዚያ በኋላ ጠዋት የያዝነው ብርጭቆና ከሰዓት ያየነው መቅደስ እርስ በርስ ይነጋገሩ ነበር።

የቀረውን ቅርስ ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ከዝዋይ በስተምዕራብ ገደሞታ የሚባል ሸንተረር አለ። እዚያ የተገኙት የባልጩት ጫፎች ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸውና በተወርዋሪ ጦር ላይ የታሰሩ እንደነበሩ ኢትዮጵያዊው አርኪዮሎጂስት ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ጽፈዋል። በዓለም ላይ ከታወቁት የድንጋይ ጫፍ ካላቸው ተወርዋሪ ጦሮች ቀዳሚ መሆናቸው ነው። «ቅርስ» ብሎ ሰው ሰብስቦ፣ ገደሞታን በስም እንኳ አለማንሳት! አርሲ ነጌሌም የለችበትም፤ ትንሽ ወደ ደቡብ ቢዘልቁ፣ በየጓሮው ሴቶች በማገዶ የሚያወጡት አረቄ አገር ያወቀው ነው። ግን አረቄ ጀምበር ስትጠልቅ ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ ፎቶ አያምርም መሰለኝ።

ሦስተኛው ቀን ወደ አብያታና ሻላ። ከባቱ ወጥተን፣ አዳሚ ቱሉን አልፈን፣ ቡልቡላ ስንደርስ ድልድዩ ላይ ቀና አልኩ። ከታች ቀጭን ቡናማ ውሃ፣ ዳር ዳሩን አህዮች፣ ቢጫ ጀሪካን።

«ጋሼ፣ እዚህ ትንሽ ብንቆምስ?» አልኩት ሹፌሩን።

«ቡልቡላ ላይ አንቆምም ልጄ። ፕሮግራሙ ላይ የለም።»

እውነቱን ነው፣ የለም። ቡልቡላ አራቱም ገጽ ላይ አንድም ጊዜ አልተጻፈችም። እ.ኤ.አ. በ2021 የተመረቀው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ በስሟ እየተጠራ እንኳ አልተጻፈችም። እኔ ግን እላለሁ፣ የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ማሰሪያ አንቀጽ እሷ ናት። ካርታውን ክፈቱት። መቂና ቀታር የሚባሉት ወንዞች ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ከዝዋይ የሚወጣው ቡልቡላ ወንዝ ነው። ቡልቡላ የሚፈሰው ወደ አብያታ ነው። አብያታ መውጫ የለውም፤ ከማድጋው የመጨረሻ ጠጪ እሱ ነው። እንግዲህ ከላይ ያለው ሁሉ ጠጥቶ ሲያበቃ የሚተርፈውን ይቀበላል፦ ከአበባው እርሻ፣ ከቲማቲሙና ከሽንኩርቱ፣ ከወይኑ፣ ከከተማው። እሱ ራሱ ላይ ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተቀምጧል። ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ አብያታ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ወይኑ ብቻውን አደረቀው አልልም፣ ውሸት ይሆናል፤ ለብቻው የጠጣ የለም።

ፕሮግራሙ አብያታን እንዲህ ይገልጸዋል፦ «ሰፊና ነጭ የሐይቅ ዳርቻ፣ ለፎቶ እጅግ ተስማሚ»። ጽሑፉ ውስጥ በጣም የከበደኝ መስመር ይሄ ነው። ያ ነጭ ዳርቻ ሐይቅ ነበር። መኪናችንን ያቆምንበት ቦታ ሐይቅ ነበር። ለፎቶ የተመቸን ውሃው ስለሸሸ ነው። ፔሊካኖቹን ጠይቁ፤ ጎጇቸውን የሚሠሩት ሻላ መሃል ያለች ደሴት ላይ ነው፣ ሻላ ግን ዓሣ የለውም ማለት ይቻላል። ድሮ ማዶ አብያታ ሄደው አጥምደው ለጫጩቶቻቸው ይመለሱ ነበር። የአብያታ ውሃ ሲያንስና ጨው ሲበዛበት ዓሣው አለቀ። አሁን ለአንድ ጉሮሮ ዓሣ ሩቅ ነው የሚበሩት። የብዙ ቀን መንገድ የሚገባው እነሱ ላይ ቢጻፍ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ብቻዬን በሚኒባስ ተመለስኩና ቡልቡላ ወረድኩ። ምንም የተለየ ነገር ሊያሳዩኝ የጠበቁኝ ሰዎች አልነበሩም፤ ከተማ ነው፣ ሥራውን ይሠራል። ድልድዩ ጋ አንድ አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጋሪው ላይ ጀሪካን እየጫነ አገኘሁት። የእኔ ኦሮምኛ ሦስት ዐረፍተ ነገር ላይ ያልቃል፣ እሱ በአማርኛ ደረሰልኝ።

«የምትጠጡትም ይሄንኑ ነው?»

«አንዳንዴ። የጉድጓዱ ግን ለጥርስ ጥሩ አይደለም ወንድም» ብሎ ሳቀና አሳየኝ። ጥርሱ ላይ ቡናማ መስመር መስመር አለ።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የሚመጣው ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ነው፤ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፣ ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። ያን ጊዜ ያችን «የአፈሩ ጣዕም» የምትባል ነገር አስታወስኳት። ያው እሳተ ገሞራ ነው። እኛ ብርጭቆ እያዞርን ምላሳችን ላይ ስንፈልገው፣ እዚህ ሳይፈለግ ጥርስ ላይ ተጽፏል። ፒዲኤፉ ግማሹን ብቻ ነው ያነበበው። ወይን አትጠጡ ማለቴ አይደለም፤ እኔ ራሴ ሁለት ጠርሙስ ገዝቼ ነው የተመለስኩት፣ አንዱን ይሄን እየጻፍኩ ከፍቼዋለሁ፣ ሲራው ጥሩ ነው። የምለው፣ ስለዚህ አፈር ጣዕም የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ቀምሶ ይጻፍ ነው።

አዘጋጆቹ ከጉዞው በኋላ የአስተያየት ቅጽ ልከውልን ነበር። ለሁሉም አምስት ኮከብ ሰጠሁ፣ ለምሳው በተለይ። «ምን ይጨመር?» የሚለው ሳጥን ውስጥ «ቡልቡላ ድልድይ፣ 20 ደቂቃ» ብዬ ጻፍኩ። ከመካከላቸው አንዷ በዚያው ምሽት በቴሌግራም ጻፈችልኝ፤ «እዚያ ጋ የሚታየው ምንድን ነው?» አለች። ድልድዩ ላይ ቆሜ ያነሳሁትን ፎቶ ላክሁላት።

ትንሽ ቆይታ «ፎቶው ያምራል፣ ግን ውሃው ብዙም አይታይም» ብላ መለሰች።