መጨረሻውን ሁላችን እናውቃለን

ለ11 ዓመት የአማርኛ መምህር ነበርኩ። በእነዚያ ዓመታት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩት ቆጥሬው አላውቅም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ፤ የታተመበት ዘመን 1958 ዓ.ም.፤ ዋና ገጸ ባሕርያት በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሳ፤ ጭብጡ ፍቅር፣ የመደብ ልዩነትና የአጉል ልማድ ትችት። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እጄ አይንቀጠቀጥም። መጽሐፉን ግን አላነበብኩትም ነበር።

«እንዴት ተደርጎ?» የሚል ካለ፣ ነገሩ በጣም ቀላል ነው። እዚህ አገር ይህን መጽሐፍ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም። አየሩ ውስጥ አለ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ከተረከው ጊዜ ጀምሮ ቤት ለቤት ሲዞር ኖሯል። ካሴት ሆኗል፣ ሲዲ ሆኗል፣ ዛሬ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» በተባለው አልበሙ ላይ «ማር እስከ ጧፍ» ብሎ ዘፈነበት፤ ያን ዘፈን በታክሲ ውስጥ የሰማ ወጣት ሁሉ ታሪኩን ያወቀው መስሎታል። ክፍል ውስጥ ሰብለ የምትባል ተማሪ ካለች አጠገቧ የተቀመጠው ምስኪን ስሙ ማንም ይሁን ማን ከሳምንት በኋላ በዛብህ ነው። እኔም በዚሁ መንገድ ነው ያወቅሁት። ፈተናዬን በአጭር ማስታወሻ አለፍኩ፤ ዩኒቨርሲቲም በማስታወሻ አለፍኩ። ከዚያ በኋላ «አላነበብኩትም» ማለት የማይቻል ሆነ። የተማርክበትን ነገር አላነበብኩም ብለህ ከየት ትጀምራለህ?

አንድ ጊዜ በመምህራን ስብሰባ ላይ ስለ አንድ መመሪያ «ለምን?» ብዬ ብጠይቅ፣ አንዱ ባልደረባዬ «አንተ ጉዱ ካሳ፣ ተወን እስቲ!» አለኝና ቤቱ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ተሰድቤ ይሁን ተሞግሼ ግን አላውቅም ነበር። ይህን ሳቅ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያጋለጠችኝ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዝምተኛ ነበረች፣ ከኋላ የምትቀመጥ። ማስታወሻውን ጽፈን ስንጨርስ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ የበዛብህ እናትና አባት እንዴት ነው የተጋቡት?» አለችኝ። አላመነታሁም። «እንደማንኛውም የዚያ ዘመን ገበሬ፣ በቤተሰብ ስምምነት ነዋ!» አልኩ። ልጅቷ ትንሽ አየችኝ። ምንም አልተናገረችም፤ ተቀመጠች። ያ አስተያየት ከምንም ስድብ ይብሳል። አንብባዋለች። እኔ አለማንበቤንም አነበበች።

ክረምቱ ሲገባ ከ500 ገጽ የሚበልጠውን መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ።

*

መጀመሪያ የገረመኝ፣ መጽሐፉ በፍቅረኞቹ አለመጀመሩ ነው። የሚጀምረው ጎጃም ውስጥ፣ ማንኩሳ ላይ፣ በሁለት ገበሬዎች ነው። ውድነሽ በጣሙ ባሎቿ እየሞቱባት ብቻዋን የቀረች፣ ጥቂት ሀብት ያላት ሴት ናት፤ በእኛ አነጋገር «ገፊ» የምትባል ዓይነት። ቦጋለ መብራቱ ደግሞ በሰው ቤት በጉልበቱ የሚያድር ድሃ ነው። ሴትዮዋ ባለቤት፣ ወንዱ ሠራተኛ። አንዱ አንዱን እያየ፣ እየፈራ፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ ይጋባሉ። የቤተሰብ ስምምነት የለም፣ ሽማግሌ የመረጠው ዘር የለም። ለተማሪዬ የሰጠኋት መልስ ስህተት ብቻ አልነበረም፤ የመጽሐፉን ቁልፍ የጣለ ስህተት ነበር።

ለምን ቁልፍ አልኩት? አስቡት። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሀብትና የማዕረግ ልዩነትን ተሻግሮ የሰመረ ፍቅር አለ። ልጁ በሞተበት መንገድ ላይ ወላጆቹ ቀድመው ተራምደው፣ ደኅና ደርሰዋል። እኛ ግን ታሪኩን ከበዛብህና ከሰብለ ስለምንጀምረው፣ ለዚያውም ከመቃብሩ ስለምንጀምረው፣ «በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ፍቅር አይቻልም ነበር» ብለን እንደመድማለን። ሐዲስ ግን እንዲህ አላለም። ተችሎ ያሳየናል። የማይቻለው ሌላ ቦታ ነው፦ የሚጠበቅ የዘር ክብር ካለበት ግቢ ውስጥ። ውድነሽ ከቦጋለ ጋር ስትጋባ የምታጣው የሰው አፍ ብቻ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ግን ልጃቸውን ለአንድ የገበሬ ልጅ ቢሰጡ እሳቸውነታቸው ራሱ የሚፈርስ ይመስላቸዋል። ለዚህ ነው የመጣውን ሁሉ ዘሩ አይመጥንም እያሉ ሲመልሱ ሰብለ ወንጌል በአገሩ ልማድ የጋብቻ ዕድሜዋ እስኪያልፍ ቤት የዋለችው። በዛብህ ለማስተማር ገና ሳይገባ ቤቱ ውስጥ አንድ የታሰረ ሰው ነበር።

በዛብህም ቢሆን እስረኛ ነው፤ የእሱን ማሰሪያ ግን የቋጠረው ፊታውራሪው አይደለም። ወላጆቹ ከመውደዳቸው የተነሣ፣ እንዳይሞትባቸው ከመፍራት፣ ለቤተ ክርስቲያን ተስለው የሰጡት ልጅ ነው። ስለዚህ ሰብለን ሲወድ አንድ ትዕቢተኛ ባላባትን ብቻ ሳይሆን የእናቱን ስለትም ይጥሳል። በማስታወሻዬ ላይ «የመደብ ልዩነት» ብዬ በሁለት ቃል የዘጋሁት ነገር እዚህ ይከፈታል፦ አንዱ ገመድ የኩራት ነው፣ ሌላው የፍቅር። ሁለተኛው ይበልጥ ያንቃል፤ ምክንያቱም የሚቆጡት ሰው የለም።

*

ሁለተኛው ነገር የአበጀ በለው ነው። ሬዲዮ በጆሮዋ ይዛ ያደገች እናቴ ሳትቀር፣ ታሪኩን የሚነግሩኝ ሰዎች ሁሉ ይህን ስም አያነሡም ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ ከለመዱት በላይ ግብር ሲጠይቁ ገበሬዎቹ እምቢ ይላሉ፤ በአበጀ በለው መሪነት ይነሣሉ፤ ፊታውራሪውንም ይማርካሉ። ይህ የፍቅር ታሪክ ማዳመቂያ አይደለም። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጥተዋል። ስምንት ዓመት ቆይቶ ዘውዱ ይወድቃል። ጸሐፊው ደግሞ ከውጭ የሚጮህ ሰው አልነበረም፤ ጣሊያንን የተዋጋ፣ በጣሊያን አገር የታሰረ፣ ኋላም አምባሳደርና ሚኒስትር የሆነ የመንግሥት ሹም ነው። ከቤቱ ውስጥ ሆኖ ምሰሶው በልቷል አለ።

እዚህ ላይ ሐዲስ የሚያስደንቀኝ በቁጣው ሳይሆን በትዕግሥቱ ነው። ፊታውራሪውን አያከፋቸውም፤ ያስቀናቸዋል እንጂ። ያስቁናል፤ አንዳንዴም ያሳዝኑናል። በእርግጥ አንድ ችግር አለ፤ አለማንበቤን በአክብሮት ብዛት ልክሰው አልፈልግምና ልናገረው። ደራሲው የሚያምንበትን ነገር ለማስረዳት ሲፈልግ ታሪኩን አቁሞ ገጸ ባሕርዩን ያናግራል። ጉዱ ካሳ አፉን ሲከፍት አንዳንዴ ሰው ሳይሆን መጣጥፍ ነው የሚናገረው። የሰብለ ውበት ሲገለጽም እንዲሁ ነው፦ ገጽ በገጽ እያየናት ሳናውቃት እንቆያለን። ሰብለን ያወቅኋት በመልኳ አይደለም፤ ከቤቷ ወጥታ፣ መነኩሴ መስላ፣ በእግሯ የአዲስ አበባን መንገድ ስትጀምር ነው። ያን ጊዜ የሚያዩዋት ሳትሆን የምታየው እሷ ትሆናለች። እንዲህ ያለችው ሰብለ ግን ዘግይታ መጥታ ቶሎ ታልቅብናለች። መጨረሻው ላይ ሦስቱ በአንድ መቃብር መገናኘታቸውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሕይወት ይልቅ ለርእሱ ሲባል የተደረገ ይመስለኛል። አለቀስኩ ግን። ሁለቱም እውነት ነው።

*

አሁን ወደዚያ ሳቅ ልመለስ። ሰውየው ስሙ ካሳ ዳምጤ ነው። «ጉዱ» ያለው አገሩ ነው። የተማረ ነው፣ የባላባት ዘመድ ነው፣ የሚናገረውም ባዶ ወሬ አይደለም፤ ልማድ ስለሆነ ብቻ የሚኖር ልማድን ይጠይቃል። አገሩ ክርክሩን መመለስ አልቻለም፤ ስለዚህ ቅጽል አወጣለት። «ጉዱ» ከተባለ ወዲያ የሚናገረው ሁሉ የእብድ ነገር ይሆናል፤ ማንም መልስ መስጠት አይጠበቅበትም። ተራ ዘዴ ነው፣ ግን ፍቱን።

እኛስ? መጽሐፉን ወድደን፣ ሰውየውን አክብረን፣ የወሰድነው ቅጽሉን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየስብሰባው፣ «ለምን?» ያለ ሰው «ጉዱ ካሳ» ይባልና ይሳቅበታል። መንደሩ በልቦለዱ ውስጥ የሠራውን እኛ በልቦለዱ ስም እንሠራዋለን። የዚያን ቀን እኔ አብሬ የሳቅሁት በራሴ ላይ ነው፤ ጥያቄዬንም በዚያው ተውኩት። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሳይስቅ ይቀመጥ ነበር። አለማንበብ ጉዳቱ ምንድን ነው የሚለኝ ካለ፣ አንዱ ይኸው።

*

ካነበብኩ በኋላ የወጋየሁን ትረካ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ማዳመጥ ከማንበብ ያንሳል ብዬ ልፈርድ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። የፊታውራሪ መሸሻ ድምፅ አንዴ ከገባባችሁ መጽሐፉን በሌላ ድምፅ ማንበብ አትችሉም። ሐዲስ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይወዳል፤ ዓይን የሚደክምበት ቦታ ወጋየሁ ትንፋሽ ወስዶ ያልፈዋል። አንድ ነገር ግን ይለያል። መጽሐፍ ወደ ኋላ ይገለጣል፤ ሬዲዮ አይገለጥም። ያመለጠህ ክፍል አመለጠህ።

ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ልጅ ሆኜ ሰብለና በዛብህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ስትነግረኝ እንዳለቀሰች አስታውሳለሁ። ባለፈው ዓመት ልጠይቃት ሄጄ መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበርና፣ «እማ፣ የቦጋለና የውድነሽ ጋብቻስ ደስ አይልም?» አልኳት።

«እነማን ናቸው?» አለችኝ።

ለካ አልሰማችውም። ሬዲዮኑ የጎረቤት ነበር። ሰዎቹ «እንዴት ያለ ታሪክ መሰለሽ» ብለው ሲጠሯት በዛብህ አድጎ ጨርሷል። ዕድሜዋን ሙሉ የምታወራው ታሪክ መጀመሪያ የለውም ነበር። እኔ መጨረሻውን ብቻ ይዤ አስተማርኩ፤ እሷም ከመካከል ጀምራ አለቀሰች። ከሁለታችን የተሻለች እሷ ናት፤ የሰማችውን ነው የነገረችኝ።

ተቀምጬ አነበብኩላት። ውድነሽ በጣሙ ባሎቿ ሞተውባት ሰው ምን እንደሚላት የሚናገረው ጋ ስደርስ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገችው። «ቆይ» አለች። ቆየሁ።

«እኔንስ ያሉኝ ይኸንኑ አይደል? አባትህ እኮ ሦስተኛዬ ነው።»

አላውቅም ነበር። አንድ ባል እንደሞተባት አውቃለሁ፤ ሁለት መሆናቸውን ግን በ40 ዓመቴ፣ በሐዲስ ዓለማየሁ ገጽ ላይ ሰማሁ። ምን እንደምላት ጠፋኝ። እሷም እንድናገር አልጠበቀችም። «በል ቀጥል» አለች፤ «ያ ሠራተኛው ምን አላት?» ቀጠልኩ። ቦጋለ የሚናገርበትን ቦታ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ሰብለ ወንጌል ጋ እስክንደርስ ብዙ ቀን ፈጀብን፤ ስንደርስም እንደ ድሮው አላለቀሰችም። «ይቺንማ አውቃታለሁ» ብላ ቡናውን ልታቆላ ተነሣች።

የማላውቃቸው ሌሎች ብዙ ነገሮች አሉ። ሁሉም ያየውን ድራማ አላየሁም፣ ሁሉም የሚደግፈውን የእንግሊዝ ቡድን አልደግፍም፤ ከእንግዲህም ሳላይ ብቀር የሚጎድልብኝ አይመስለኝም። ያልገቡበት ነገር ኃጢአት አይደለም። አደጋው ሳይገቡ የገቡ መምሰል ነው፤ ያን ጊዜ በሩ ከውስጥ ይዘጋል። የማያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ ያወቀ የመሰለ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ያቺ ተማሪ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ይህን ካነበበች፣ ያኔ ልመልስላት የሚገባኝ እንዲህ ነው፦ የበዛብህ እናትና አባት በቤተሰብ ስምምነት አልተጋቡም። እሷ ብቻዋን ነበረች፣ እሱ ሠራተኛዋ ነበር፣ ሰው ብዙ ብሏል፣ እነሱ ግን ተጋቡ። ይቅርታ፣ ያን ጊዜ አላነበብኩትም ነበር።