የጡረታ ንድፈ ሐሳቦች በራያ ቆላ ሲመዘኑ

ስለ ጡረታና ስለ አረጋውያን ሠራተኞች ደኅንነት የምንማርባቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ በአሜሪካና በአውሮፓ የተጻፉ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ዘወትር የሚጠቀሱትን ሦስቱን በቆቦና በአካባቢው በሚገኘው የራያ ቆላ ካለው ኑሮ ጋር አገናዝቦ መመዘን ነው።

ኢሌይን ካሚንግና ዊልያም ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰው ሲያረጅ እርሱና ኅብረተሰቡ ቀስ በቀስ መራራቃቸው ተፈጥሯዊ ነው ብለዋል። ይህ ለራያ አይስማማም። ዘወልድ በሚባለው የዕርቅ ሥርዓት ደም የሚያደርቁት በዕድሜ የበሰሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ከቢሮ የተሰናበተ ሰው የሚፈለግበት ሌላ ሸንጎ አለ ማለት ነው፤ የሚጎዳውም ያ ሸንጎ ሲፈርስበት ነው።

ሮበርት አችሊ እ.ኤ.አ. በ1976 ጡረታን በደረጃዎች ከፈለው፤ ከጫጉላ ወቅት በኋላ ቅሬታ፣ ቀጥሎ ራስን እንደገና ማደራጀት፣ ከዚያም መርጋት። ለሐኪም አመቺ አከፋፈል ነው። ጉድለቱ ሰውየው የኖረበትን ዘመን አለመጠየቁ፣ ደግሞም ደመወዝተኛውን ብቻ ማየቱ ነው። ማሽላና ጤፍ እያመረተ የኖረ የቆላ ገበሬ በሕግ የተወሰነ የጡረታ ቀን የለውም፤ ጉልበቱ ሲደክም መሬቱን ለእኩል ይሰጣል ወይም ሞፈሩን ለልጁ ያስረክባል።

ይበልጥ የሚቀርበን ግለን ኤልደር ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ያደጉ የኦክላንድ ልጆችን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው ኤልደር፣ በዚህና በተከታይ ሥራዎቹ መከራ የሚያስከትለው ጉዳት በደረሰበት ዕድሜ እንደሚለያይ አስረድቷል።

ይህን በቆቦ እናስላው። በ1958 ዓ.ም. የተወለደ የመንግሥት ሠራተኛ በ2018 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ ይወጣል። በ1966ቱ ረሃብ የ8፣ በ1977ቱ የ19፣ በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ የ25 ዓመት ሰው ነበር። ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቆቦ ሲደርስ 55 ዓመቱ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው ተመለሰ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ቢፈረምም፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ።

ኤልደርም የሚያንሰን እዚህ ላይ ነው። እርሱ ያጠናቸው ልጆች ከድቀቱ በኋላ ሥራና ትምህርት የሰፋበት ዘመን ጠብቋቸዋል። የቆቦው ሰው ቤተሰቡ በ1977 ያጣውን በሬ ለመተካት ዐርባ ዓመት ነበረው። በ55 ዓመቱ የተዘረፈበትን ንብረት ለመተካት የቀረው ግን አምስት ዓመት ብቻ ነው፤ ያውም ሰላም በሌለበት። ከዚያም ገቢው ከደመወዝ ወደ አበል ዝቅ ሲል ገበያው ይወደድበታል።

እንዲህ ያለ ሰው እንቅልፍ አጣሁ፣ ራሴን ያመኛል ብሎ ሲመጣ በካርዱ ላይ «ጡረተኛ» ብለን እናልፋለን፤ ችግሩንም ከጊዜ ጋር ለሚያልፍ መላመድ እንሰጠዋለን። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው፤ ድባቴው ሳይታወቅ፣ የደም ግፊት መድኃኒቱ መቋረጡም ሳይጠየቅ ይቀራልና። ሦስት ጥያቄዎች ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳሉ፦ ያጡትን ያጡት በስንት ዓመትዎ ነው? ዛሬ በእርስዎ አበል የሚተዳደሩት ስንት ናቸው? ለምክርና ለሽምግልና የሚጠራዎት አለ? መልሶቹ ከዕድሜው ቁጥር ጎን በካርዱ ላይ ሊሰፍሩ ይገባል።