ጊትን ለግዕዝ ፊደል ማሰናዳት

የፋይል ለውጥ የሚመዘግበውን ጊት የተባለ ፕሮግራም መጫን ሥራ አይባልም። ኡቡንቱ ላይ አንዲት ትእዛዝ ናት። ሥራው ያለው ፕሮግራሙን ለፊደላችን ማሰናዳቱ ላይ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጻፈው ለሊኑክስ ኮድ እንጂ ላሊበላ ላይ ተቀምጠን ስለ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ለምናዘጋጀው የጎብኚ መግለጫ አልነበረም።

መግለጫውን ብዙ እጅ ይነካዋል። አንዱ ዋሻ ውስጥ የታነጸውን ቤተ ክርስቲያን፣ እንጨትና ነጭ ልስን በየተራ የተነባበሩበትን ግድግዳ ይገልጻል፤ ሌላው ዘመኑን ከ11ኛው ወደ 12ኛው ክፍለ ዘመን ያሻግራል። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደለወጠ የሚይዝልን ጊት ነው። ስለዚህ ቅድሚያ ስምና ኢሜይል ይሞላል። የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን እንደሚያኖር፣ እያንዳንዱ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) የሠሪውን ስም ይዞ ይቀመጣል። ስሙ በግዕዝ ፊደል ቢጻፍም ችግር የለውም።

ችግር ያለው የፋይል ስም ላይ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል፤ ጊት ደግሞ ካልተነገረው በቀር ባይቶቹን በቁጥር ነው የሚያሳየው። «ይ» ብቻዋን 341፣ 213፣ 255 ሆና ትወጣለች። ጀማሪ ይህን ሲያይ ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ምንም አልተበላሸም፤ «core.quotePath» የተባለውን ቅንብር «false» ማድረግ ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው የመስመር ጉዳይ ነው። ጊት የሚያነጻጽረው መስመርን ከመስመር ነው። አንቀጹን ሳንቆርጥ በአንድ መስመር ከጻፍነው፣ አንዲት ቃል ስትታረም አንቀጹ በሞላ የተለወጠ ሆኖ ይታያል። እኛ ከየአራት ነጥቡ በኋላ ኢንተር እንመታለን። ቃል በቃል ማነጻጸሪያም አለው፤ ሆኖም ቃልን የሚለየው በባዶ ቦታ ስለሆነ፣ ቃላቱ በሁለት ነጥብ ብቻ የተለያዩበትን የግዕዝ ጽሑፍ መስመሩን ሙሉ እንደ አንድ ቃል ይቆጥረዋል። ሁለት ነጥብም ቃል እንደሚለይ ለይቶ መንገር ያስፈልጋል።

ኮሚት ለማድረግ ኢንተርኔት አያሻም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት እንደተቋረጠው ያለ ጊዜ ቢመጣ እንኳ፣ ማኅደሩን (ፋይሎቹንና የለውጥ ታሪካቸውን የያዘውን አቃፊ) በፍላሽ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ማዘዋወር ይቻላል።

አዲስ ለምትጀምሩ አንድ አደራ አለኝ፦ የኮሚት መልእክት ላይ «ተስተካክሏል» ብላችሁ አትለፉ። ዘመኑን የለወጣችሁት ከካህናቱ ትውፊት ሰምታችሁ ነው ወይስ ከመጽሐፍ አግኝታችሁ? እሱን ጻፉት።